ሶፍትዌሩ በነጻ አለ፤ አራሚው ከየት ይምጣ?



ዛሬ የምናገረው ሳይንሳዊ ስሌትን በፕሮግራም ቋንቋ መማር የሚፈልግ ሰው በአነስተኛ ወጪ ከምን ይጀምር በሚለው ላይ ነው። ተማሪዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ጥሩው ኮርስ የቱ ነው? ስንትስ ያስከፍላል? አይፈረድባቸውም። ስመ ጥር ኮርሶች የሚሸጡት በዶላር ነው፤ በዶላር መክፈል የሚችል ካርድ የያዘ ተማሪ ጎንደር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ኮርስ መግዛት ያልቻለ ሰው ከትምህርቱ ይቀራል ብዬ አላምንም። ሶፍትዌሩ፣ መጽሐፉ፣ የምንሠራበት መረጃ ጭምር በነጻ ይገኛል። እንደ ልብ የማይገኘው አራሚ ነው፤ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ልክ ይሁን ስሕተት የሚነግረን ሰው ወይም ነገር። የዛሬ ንግግሬ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ሳይንሳዊ ስሌት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ከአካባቢያችን ምሳሌ ልውሰድ። ሃንስ ሁርኒ የሚባል የስዊዘርላንድ የመልክዓ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ ኖሮ የአፈሩን መከላት አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምም ከእርሱ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 በውጭ አገር እርሻ ላይ የተቀመረውን የአፈር መከላት ቀመር ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎ አስተካከለው። ቀመሩ ስድስት ነገሮችን ያባዛል፦ የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ተጠራጊነት፣ የተዳፋቱን ርዝመት፣ የተዳፋቱን ቁልቁለት፣ የመሬቱን ሽፋንና ገበሬው የሚያደርገውን ጥበቃ። የዝናቡ ኃይል የሚገኘው የዓመቱን ዝናብ በሚሊ ሜትር ወስዶ በ0.562 በማባዛትና 8.12 በመቀነስ ነው። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት ቦታ ቢኖረን 666.28 ይሆናል። ይህን ካልኩሌተርም ይሠራዋል፤ ለዚህ ሲባል ፕሮግራም የሚማር የለም።

ነገሩ የሚመጣው መሬቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ስናይ ነው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ሊማሊሞን ቁልቁል ያየ ሰው ቁልቁለቱ በየእርምጃው እንደሚለዋወጥ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 አንድ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው የመሬት ከፍታ ኤስአርቲኤም ይባላል፤ መሬቱን 30 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ በሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ከፍታውን ይሰጣል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲህ ያሉ ቁራጮች 1,100 ያህል አሉ። አሥር ኪሎ ሜትር በአሥር ኪሎ ሜትር የሆነ አካባቢ ብንወስድ ከ110,000 ይበልጣሉ። ለእያንዳንዱ ስድስት ቁጥር ማባዛት በእጅ የማይታሰብ ነው፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኑምፓይ በተባለው ጥቅሉ ሲሠራ ግን አንድ መስመር ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕም ቢሆን ዐይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል። ሳይንሳዊ ስሌት የምለው ይህን ነው፤ ሕጉ የታወቀ፣ ብዛቱ ግን ከእጅ በላይ የሆነ ሥራ።

መረጃውም ገንዘብ አይጠይቅም። የከፍታው መረጃ በነጻ ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት ይሰጣል። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክፍያ የለባቸውም፤ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ እስከ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። የጤናውን ያነሣን እንደሆነም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ አለው። አካባቢያችን ውስጥ የጎደለው የሚሰላ ነገር አይደለም።

አሁን አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ማትላብ፣ ስታታ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባሉትን የሚሸጡ የስሌት ፕሮግራሞች የምንጠቀመው በክራክ፣ ፈቃዳቸው ተሰብሮ ነው። ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ በፍላሽ ይተላለፋል፤ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም አብሮ ይገባል። ፈቃዱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስለ ሕጉ ልሰብካችሁ አልመጣሁም፤ የሚያሳስበኝ ከትምህርት አንጻር ነው። ክራክ የተደረገው ፕሮግራም አይታደስም፤ ሲበላሽ የት ሄደህ ትጠይቃለህ? ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱን ካልገዛ፣ ዓመታት የለፋህበት እውቀት የሌላ ሰው ቁልፍ ደጅ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ነጻው መሣሪያ የድሃ ቅሪት ስለሚመስለው ይመስለኛል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

አር የሚባለውን ቋንቋ የሠሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒው ዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ ለራሳቸው ተማሪዎች ላብራቶሪ የሚሆን ነገር ፈልገው ነው። የማትላብ ዓይነቱ ነጻ ፕሮግራም ኦክታቭ የታሰበው የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች ከአንድ መማሪያ መጽሐፍ ጋር አብረው እንዲጠቀሙበት ነበር፤ ጆን ኢተን መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ አብዛኛውን የማትላብ ኮድ ሳይቀየር ያስኬዳል። ፓይተንን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ጊዶ ቫን ሮሰም ከዚያ በፊት ለማስተማሪያ ታስቦ በተሠራ ኤቢሲ በተባለ ቋንቋ ላይ ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። ሦስቱም ሥራቸው ከመማሪያ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ኑምፓይን ያቀናበረው ትራቪስ ኦሊፋንትም በጊዜው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም ያየው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል የተሠራበት ሥራ ውስጥም ይኸው ኑምፓይ አለበት። እዚህ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ የሚያወርደው ተማሪና እነዚያ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት አንዱን ነው።

የቱን ልምረጥ ለሚል፦ ጤናና ስታቲስቲክስ ከሆነ አር፤ ማትላብ የለመደ መምህር ካለህ ኦክታቭ፤ ለሌላው ሁሉ ፓይተን። ጁሊያ የሚባል ፈጣንና ያማረ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2012 መጥቷል፤ እወደዋለሁ፤ ሆኖም ጎረቤት የሚያውቀውን መማር ይሻላል፤ ስትቸገር የሚረዳህ ጎረቤት ነውና።

ታዲያ ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው? ዳታና መብራት ላይ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ማንም አይዘነጋውም። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የሰቀለ ተማሪ ያን ጊዜ ትምህርቱ አብሮ ጠፋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ ለጀማሪም ጥሩ በር ነው፤ በሩ የሚከፈተው ግን ኔትወርክ ሲኖር ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ሁሉንም አውርዶ በፍላሽ መያዝ።

ምን ይያዝ? የፓይተን መጫኛ 30 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። የስሌት ጥቅሎቹ ኑምፓይ፣ ሳይፓይ፣ ማትፕሎትሊብና ፓንዳስ አራቱ አንድ ላይ ከ100 ሜጋ ባይት ብዙም አያልፉም። አናኮንዳ የሚባለውን ትልቁን ጥቅል ተዉት፤ ወደ 1 ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ አብዛኛውን ክፍል አትነኩትም። ፒፕ ዳውንሎድ የሚለው ትእዛዝ ጥቅሎቹን ሳይጭን ፋይላቸውን ብቻ ያወርዳል፤ ያን ፋይል ኔትወርክ ወደሌለው ላፕቶፕ ወስዶ መጫን ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ የሚያወርደውና የሚጭነው ላፕቶፕ የፓይተን ቁጥራቸውና የዊንዶውስ ዓይነታቸው መግጠም አለበት። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 7 ከሆነ የሚቀበለው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ አዲሱን አውርዳችሁ አልጫን አለኝ እያላችሁ ቀን እንዳታባክኑ። ላፕቶፕ የሌለው ሰው ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን ስልኩ ላይ ቢጭን ያለ ኔትወርክ ፓይተን ያስኬድለታል፤ ጣት ያደክማል እንጂ ይሠራል።

መጽሐፍን በተመለከተ፣ የአለን ዳውኒን ቲንክ ፓይተን ደራሲው ራሱ በነጻ አስቀምጦታል። ከዚያ የሳይፓይ ሌክቸር ኖትስ፣ ከዚያ የጄክ ቫንደርፕላስ የዳታ ሳይንስ መጽሐፍ ይቀጥላሉ። ለአር የሃድሊ ዊክሃምና የጋሬት ግሮለመንድ መጽሐፍ አለ፤ አርም ኦክታቭም መመሪያቸው ከመጫኛው ጋር አብሮ ይመጣል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም የዊኪፒዲያን የሒሳብ ክፍል ብቻውን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ተራ ፍላሽ አይሞላም። ቪዲዮ የለመዳችሁ ታኮርፉ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ ፓይተን የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይበላል፤ ባለ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው። ከዳታውም በላይ፣ ቪዲዮ ያየ ሰው የገባው ይመስለዋል፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው እንዳልገባው ቶሎ ያውቃል። የእንግሊዝኛው ችግር አለ፤ አልክድም። የፕሮግራም መጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ከልብ ወለድ የቀለለ ነው፤ ያው ጥቂት መቶ ቃል ይመላለሳል።

እንግዲህ ፍላሹ ሞላ እንበል። ወደ አራሚው ልመለስ።

ፕሮግራም ሲሳሳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል፤ ይህ ደግ ስሕተት ነው፤ መስመሩን ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። አሁን ደግሞ ኮዱን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቆ መቀበል ተለምዷል፤ እርሱም በዚሁ በሁለተኛው መንገድ ይሳሳታል፤ እየተማመነ። ስለዚህ ሰውም ሆነ መሣሪያ፣ ኮዱን ማንም ይጻፈው፣ የሚያርመው ያስፈልጋል።

አራሚ ከሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ሰው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ አብረዋቸው የታሰሩትን ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት ሸልሟቸዋል። እዚያ እስር ቤት ውስጥ መሣሪያ አልነበረም፤ የሚያርም ሰው ግን ነበር። በአፍሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄደው አሰስማ የተባለው የስሌት ፊዚክስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። የሚጠቀሙበት ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚወርድ ነው፤ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጭነው ይችላል። ታዲያ ተማሪው ለምን እዚያ ድረስ ይሄዳል? ስሌቱ ሲያስቸግረው ጎኑ ቆሞ የሚያይለት አስተማሪ ስላለ ነው። የትምህርት ቤቱ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጎንደር አይመጣም። ከተማችን ግን ለዚህ ችግር ዘዴ ያወቀች ናት። ቅኔ ቤት መምህሩ ለሁሉም ተማሪ አይደርሱም፤ ቀድሞ የገባው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ኋላ የመጡትን ያስኬዳል፤ ራሱም በማስነገሩ ይጠነክራል። ሦስት ተማሪ ለአንድ ላፕቶፕ መሆኑን እንደ ጉድለት የምናይ ከሆነ ተሳስተናል ባይ ነኝ። አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ጮክ ብሎ መስመሩን ያንብብ፣ ሦስተኛው በወረቀት ያስላ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። መብራት ሲጠፋም የወረቀቱ ሥራ ይቀጥላል።

ሁለተኛው አራሚ መሬቱ ነው። የስሜንን የከፍታ መረጃ ከፍታችሁ ትልቁን ቁጥር ፈልጉ። ከ4,500 ሜትር ከፍ ያለ ቁጥር ካወጣ ራስ ዳሸን እዚያ አለ፤ ፋይሉን በትክክል አንብባችኋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ከሰጣችሁ የእያንዳንዱን ቁጥር ባይቶች ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ አንብባችኋል። ትንሹ ቁጥር ደግሞ 32,768 ሆኖ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለው ጉድጓድ አላገኛችሁም፤ ራዳሩ ገደሉ ውስጥ ማየት ሲያቅተው "አላየሁም" የሚልበት ምልክት ነው። ያን ሳያወጣ አማካይ ከፍታ ያሰላ ሰው ደባርቅን ወደ ባሕር ወለል ሊያወርዳት ይችላል። ሌላም አለ። የዝናቡ አንድ ቁራጭ 5 ኪሎ ሜትር፣ የከፍታው 30 ሜትር ነው፤ አንድ የዝናብ ቁጥር ለ28,000 ያህል የከፍታ ቁራጭ ይታደላል። ካርታው አምሮ ይወጣል፤ ማማሩ ግን የትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም። አምስት ቁራጭ መርጣችሁ በካልኩሌተር አስሉና አወዳድሩ።

ሦስተኛው አራሚ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም፤ መልሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏልና። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሒሳብ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ዘመን ቆጠራ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ነገሩ የሊቅ ሥራ ስለሆነ ነው። ፓይተን 3 ስሞችን በፊደላችን እንድንጽፍ ስለሚፈቅድ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይሠራል፦

ዓመተ_ዓለም = 5500 + 2018
መደብ = ዓመተ_ዓለም % 19
ወንበር = መደብ - 1
አበቅቴ = ወንበር * 11 % 30
መጥቅዕ = ወንበር * 19 % 30

የመቶኛ ምልክቱ ከማካፈል የተረፈውን ይሰጣል። ለ2018 ዓ.ም. መደቡ 13፣ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው፤ ሊቃውንቱ ማረሚያውን ከስሌቱ ጋር አብረው አስቀምጠውልናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ዋለ፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 ሲደመርበት 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው። የ2018ን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ።

ሁሉም ሙሉ ቁጥር መሆኑንም ልብ በሉ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል፤ በሁለት ቤት ቆጠራ 0.1ን አሟልቶ መጻፍ ስለማይቻል ነው። ያን ጣጣ ለኋላ አቆዩት፤ ወደ ሁርኒ ቀመር ስትመጡ ትደርሱበታላችሁ።

እንግዲህ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ለ2018 የሠራውን ፕሮግራም ወደ 2019 ቀይራችሁ አስኬዱት። መጥቅዑ 7 ይወጣል። 7 ከ14 ያነሰ ስለሆነ የሚውለው በመስከረም ሳይሆን በጥቅምት ነው፤ ነነዌም በየካቲት ይሆናል። ፕሮግራማችሁ ይህን ሁኔታ ካላወቀ ጥር ላይ ያስገባዋል፤ ቀይ ጽሑፍ ግን አያወጣም። ፋሲካ ሚያዝያ 24 እስኪሆን ድረስ አስተካክሉት። ያ ሲሳካ 2024ን ሞክሩ። ከላይ የጻፍኳቸው አምስት መስመሮች መጥቅዑን 11 ይሉታል፤ ትክክለኛው 12 ነው። የት ላይ እንደተሳሳቱ አልነግራችሁም፤ ያልገባው በአቅራቢያው ያለ የአብነት መምህር ዘንድ ሄዶ "መደቡ አልቦ ሲሆን ወንበሩ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። 2025 ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ፍላሽ የያዛችሁም ወደ ፊት ኑ።